የታደነ ሥጋ ቤታችን ሲገባ፦ አደጋው ከድስቱ በፊት ነው

በኢየሩሳሌም፣ ከነቢያት መንገድ ታጥፎ ወደ ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው በኢትዮጵያ መንገድ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ባለፈው የብርድ ወራት ፋሻ ለማስቀየር ወደምሠራበት ኩፓት ሆሊም መጡ። ስኳር ስላለባቸው ትንሽ ቁስል እንኳ ሲገጥማቸው የምከታተላቸው እኔ ነኝ። የግራ አውራ ጣታቸው በቢላዋ ተቆርጧል። «ምንም አይደል ልጄ፣ ሥጋ ስዘለዝል ነው» አሉኝ። የምን ሥጋ እንደሆነ የጠየቅኋቸው ለወግ ያህል ነበር። «የሚዳቋ» ሲሉኝ ግን ፋሻውን አስቀምጬ ወንበሬን ወደ እርሳቸው ሳብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ያጥባል። አብሮት የሚሠራ ሰው «ዘመዶቼ ሰሜን በኩል አድነው ያመጡት ነው» ብሎ አራት ኪሎ የሚሆን ሥጋ ከነጉበቱ በላስቲክ ከረጢት ሰጠው። በነፃ። ኑሮ በተወደደበት በዚህ ከተማ አራት ኪሎ ሥጋ በነፃ ሲመጣ እምቢ የሚል ብዙ አይደለም። እናትየውም ግማሹን ፍሪዘር ከተቱ፣ ግማሹን ለቋንጣ መዘልዘል ጀመሩ፣ ጉበቱን ደግሞ ለዱለት ብለው ለብቻው አስቀመጡ። ምራታቸው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በየሳምንቱ እነርሱ ዘንድ እየመጣች ትበላለች።

ፊቴን አይተው ነው መሰል፣ «እንግዲያው አንበላውም፣ ይጣላ» አሉ። መልካም ነው አልኳቸው። ግን እኔን ያሳሰበኝ ገና ያልተበላው ሥጋ ሳይሆን የተቆረጠው ጣታቸው ነበር።

ስለ ዱር ሥጋ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ መብላቱ ነው። የበሰለ እንደሆነ ይበላል፣ ጥሬ እንደሆነ ይቅር፣ በዚሁ ይዘጋል። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሻገሩት ክፉዎቹ ቫይረሶች ግን ብዙ ጊዜ በር የሚያገኙት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እንስሳው ሲገፈፍ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ሥጋው ሲበለት፣ ሲታጠብ፣ ሲከተፍ ደሙ እጅ ይነካል፤ ሲታጠብ ወደ ዓይንና ወደ አፍ ይረጫል። እጅ ላይ ያለ ጭረት፣ የተላጠ የጥፍር ሥር፣ እንደ እኚህ እናት አዲስ የቢላዋ ቁስል፣ ሁሉም በር ነው። ሥጋው እሳት ላይ ወጥቶ በደንብ ሲንተከተክ ቫይረሱ ይሞታል። ስለዚህ በማዕድ ተቀምጦ ወጡን ከሚበላው ሰው ይልቅ ጓዳ ሆና ሥጋውን የከተፈችው ሴት የበለጠ ተጋልጣለች ማለት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ከኮሶ ጋር የተያያዘ አንድ የቆየ ልማድ ያሳስተናል። ኮሶ ከጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚመጣ ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ወደዚህ አገር ስንመጣ ደግሞ ሥጋውን ለጥቂት ቀናት በደንብ ካቀዘቀዙት የኮሶው እጭ እንደሚሞት ተማርን፤ ይህም እውነት ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ፍሪዘርን ለሁሉም በሽታ መድኃኒት አድርገን መቁጠራችን ነው። ኮሶ ትል ነው፤ ብርድ ይገድለዋል። ቫይረስ ግን ሕይወት ያለው ትል አይደለም። ብርድ እንዲያውም ያቆየዋል፤ እኛም ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና የምናስቀምጠው በቅዝቃዜ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ጃፓን ውስጥ በ2003 የሆነው ነው። ሁለት ቤተሰቦች የታደነ አጋዘን ሥጋ በጥሬው በሉ። ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላ ከበሉት ሰዎች አራቱ በጉበት በሽታ ታመሙ፤ ሄፓታይተስ ኢ በሚባለው ቫይረስ። ሐኪሞቹ ከየት እንደመጣ ሲፈልጉ፣ ቤተሰቡ ሌላ ቀን እንበላዋለን ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጠው ቁራጭ ተገኘ። ሲመረመር ቫይረሱ በውስጡ ነበር፤ ከበሽተኞቹ ደም ከተገኘው ጋርም አንድ ዓይነት ሆነ። ከቤተሰቡ ያልበሉትና በጣም ጥቂት የቀመሱት አልተያዙም። እኚያ እናት ግማሹን ፍሪዘር ከተትኩት ሲሉኝ ትዝ ያለኝ ይኸው ነው።

ሄፓታይተስ ኢ በአሳማ፣ በዱር አሳማና በአጋዘን በብዛት የሚገኝ ሲሆን የሚራባው ጉበት ውስጥ ነው። የእነዚህ እንስሳት ሥጋ ሥራቸው የሆነ አዳኞችና የቄራ ሠራተኞች ሲመረመሩ ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንዳለፈባቸው የሚያሳየው ምልክት ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ተገኝቶባቸዋል። እኚህ እናት የያዙት ሚዳቋ ይህ ነበረበት አልልም። ምን እንደነበረበት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፣ እሱ ነው ነገሩ። እንስሳው ቆሞ ሲሄድ ያየው ሐኪም የለም፤ ጉበቱንና ሳንባውን ገልጦ ያየ የለም፤ ከተመታ በኋላ ስንት ሰዓት በፀሐይ እንደቆየም አይታወቅም።

አንዳንድ ሰው «ሥጋውን በጨው አሽተን አጥበነዋል» ይለኛል። ጨው ደሙን ያወጣል፤ የካሽሩት ሥርዓቱም ለዚያው ነው። ቫይረስ አይገድልም። ሚጥሚጣም፣ ሎሚም፣ በላዩ የሚጠጣው አረቄም አይገድልም። ቋንጣም ቢሆን መድረቁ ሥጋውን ከመበስበስ ይጠብቀዋል እንጂ ከቫይረስ አያነጻውም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ያውም መሀሉ ድረስ የደረሰ ሙቀት። ሄፓታይተስ ኢን ፈጽሞ ለማጥፋት የሥጋው መሀል 71 ዲግሪ ደርሶ 20 ደቂቃ መቆየት እንዳለበት ተመርምሮ ታውቋል። ይህን ወደ እኛ ምግብ ስንመልሰው፦ ቀስ ብሎ ሲንተከተክ የቆየ ወጥ ያልፋል። ውጪው ቡናማ ሆኖ መሀሉ የቀላ ጥብስ አያልፍም። ክትፎ ለብ ለብ አያልፍም፤ ጥሬ ሥጋማ ምኑን። ዱለት ደግሞ ጉበት ስላለበትና ለአፍታ ብቻ እሳት ስለሚነካው ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው። በሬና በግ የዚህ ቫይረስ ዋና ቤት ባይሆኑም፣ ዱለት ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር በደንብ ሳይበስል እንዳይቀርብ ሁልጊዜ እናገራለሁ። ሰሚ አላገኘሁም፤ እናገራለሁ ግን።

የሄፓታይተስ ኢ ምልክት የሚታየው ከሁለት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውየው ሲታመም ሥጋውን ረስቶታል። ድካም፣ ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትኩሳት፣ የሽንት መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ይታያል። እኛ «የወፍ በሽታ» የምንለው ነው። የሌሊት ወፍ በላዩ ስላለፈችበት ነው ተብሎ ስንቱ ሰው ቅጠል ሲጠጣ ኖሯል። እባካችሁ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ምንም ዓይነት ሥር ወይም ቅጠል አታጠጡ። የታመመ ጉበት ያንን መድኃኒት ማጣራት አይችልም፤ ቀላሉ በሽታ ከባድ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው። ከእንስሳ የሚመጣው ዓይነት ብዙ ሰው ላይ በራሱ ያልፋል። ቀድሞ የጉበት በሽታ ላለበት፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ ለቆየበት፣ ኩላሊት ወይም ሌላ አካል ተቀይሮለት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ሊከብድ ይችላል። በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው ሌላው ዓይነት ደግሞ ነፍሰ ጡሮችን እስከ ሞት ያደርሳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ ካለች የትኛው ነው እያልን አንጠብቅም።

ወደ እጅ ልመለስ። በ1996 መጀመሪያ ጋቦን ውስጥ ማዪቡት በምትባል መንደር ሰዎች ጫካ ውስጥ ሞቶ የተገኘ ቺምፓንዚ ተሸክመው አመጡ፣ ገፈፉት፣ በለቱት። ከዚያ በኋላ ያንን ሬሳ የነኩ 18 ሰዎች በኢቦላ ታመሙ፤ ወረርሽኙ እስኪያበቃ ድረስ 21 ሰው ሞተ። አባቶቻችን «በክት አይበላም» ያሉት ስለ ቫይረስ አውቀው አይደለም፤ ነገር ግን ራሱን ችሎ የሞተ እንስሳ በሆነ ምክንያት እንደሞተ ያውቁ ነበር። እኔ ነርስ ሆኜ አንድ ቃል ብጨምርበት «በክት አይነካም» የሚል ነው፤ ቢያንስ በባዶ እጅ አይነካም።

ይህ የመንደር አዳኝ ነገር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ የማርበርግን ስም ይጠይቅ። ማርበርግ የጀርመን ከተማ ናት። በ1967 በዚያች ከተማ፣ በፍራንክፈርትና በቤልግሬድ ለክትባት ሥራ ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ደምና የሰውነት ክፍል የነኩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች በማይታወቅ ትኩሳት ወደቁ። በሽታው ወደ አስታማሚዎቻቸውም ተሻገረ፤ 31 ሰዎች ታመሙ፣ ሰባቱ ሞቱ። ማንም ጦጣ አልበላም።

ይህንኑ በሽታ ነው ባለፈው ኖቬምበር 14 ቀን 2025 የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጂንካ ከተማ መገኘቱን ያረጋገጠው። በስድስተኛው ቀን ስግድ ነበርና አርሞን ሃናጺቭ ላይ ያገኘኋቸው እናቶች ሁሉ ስለ እርሱ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ከጎንደር የመጣልኝን ቋንጣ ልጣለው ወይ?» እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ማርበርግ የበሬ በሽታ አይደለም። ቫይረሱን ሳይታመም ይዞ የሚኖረው ዋሻ ውስጥ የሚያድር ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በታማሚው ደም፣ ትውከትና ሌላ ፈሳሽ ነው። ስለዚህም ነው ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች የነበሩት። በምርመራ ከተረጋገጠባቸው 14 ሰዎች ዘጠኙ ሞተዋል፤ በጃንዋሪ 2026 መጨረሻ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታውጇል። ጂንካና ጎንደር ያላቸውን ርቀትም እናንተው ታውቁታላችሁ። (ያው የሌሊት ወፍ ዝርያ እዚህ አገርም አለ፤ ማታ ማታ በሾላና በበለስ ዛፎች ላይ የምታዩት እርሱ ነው። ማየቱ አያስፈራም። ወድቆ ብታገኙት ግን ልጆች በእጃቸው እንዳያነሱት፤ የሌሊት ወፍ ንክሻ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ዘመድ የሆነ ቫይረስ ሊያመጣ ይችላል።)

ቋንጣውን በተመለከተ ሌላ ጉዳይ አለ። ሥጋና የሥጋ ውጤት ያለ እንስሳት ሕክምና አገልግሎት ፈቃድ በሻንጣ ይዞ ወደ እስራኤል መግባት አይፈቀድም። ቤን ጉርዮን ላይ ሲወሰድብን እንናደዳለን፤ ግን የሚፈሩት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዚህ አገር ከብትም ነው። ዘመድ አክብሮ የላከው ቋንጣ «የድኩላ ነው፣ የቆላ ነው» ተብሎ የመጣ ከሆነ ደግሞ ማክበሩን ተቀበሉ፣ ቋንጣውን ተዉት።

እዚህ የሚታደነው ሚዳቋ ከጤናም ሌላ የሕግ ነገር አለበት። በእስራኤል የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ከ1955 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ሚዳቋ ፈጽሞ የማይታደን ጥብቅ እንስሳ ነው። ማደን ብቻ ሳይሆን መሸጥና ይዞ መገኘትም ያስቀጣል፤ «እኔ አልገደልኩም» ማለት አያድንም። ካሽሩት የምትጠብቁትማ በጥይት የተመታ እንስሳ ከመጀመሪያውም እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ። ሚዳቋ ማየት የናፈቀው ሰው ከ2015 ጀምሮ እዚሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ በተከፈተው የሚዳቋ ሸለቆ ሄዶ በነፃ ይይ። የእኔ ልጆች ከዚያ ቦታ ጎትተው ካላወጧቸው አይወጡም።

ሥጋ ስትገዙ እንግዲህ የምትጠይቁት «ስንት ነው» ብቻ አይሁን። ከየት እንደታረደ የሚናገር ማህተም ወይም ወረቀት አለው ወይ? ሻጩ ደረሰኝ ይሰጣል ወይ? ቀዝቃዛ ቦታ ነበር ወይስ በመኪና ኋላ ተጭኖ መጣ? ማህተሙ ቫይረስ የለበትም የሚል ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ግን አንድ የእንስሳት ሐኪም እንስሳውን በሕይወቱ አይቶታል፣ ከታረደም በኋላ የውስጥ ዕቃውን አይቷል ማለት ነው። በስልክ ተደዋውሎ በየደረጃው ሥር የሚሸጥ ሥጋ፣ የዱርም ይሁን የበግ፣ ይህ የለውም። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ልጆቻችን በምግብ ቤት ወጥ ቤት፣ በሥጋ ቤትና በቄራ በብዛት ስለሚሠሩ ይህን ለእነርሱ አንብቡላቸው። ጓንትና ሌላ መከላከያ በነፃ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር አይደለም። እጅ ላይ ቁስል ካለ በውሃ በማይበገር ፕላስተር ይሸፈንና ጓንቱ በላዩ ይሁን። ሥራ ላይ በቢላዋ የተቆረጠ ሰው ያኔውኑ ለኃላፊው ይናገር፣ ከአሠሪው ቅጽ 250 ተቀብሎ ወደ ኩፓት ሆሊም ይሂድ። በዚህ ቅጽ ሲሄድ ሕክምናው በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ይመዘገባል፤ በኋላ ቢያመው ለቢቱዋሕ ሌኡሚ የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል። «ትንሽ ናት» ብለው ፋሻ አስረው የሚመለሱት ናቸው በኋላ ማስረጃ የሚያጡት። ለሐኪሙም ምን ዓይነት ሥጋ ሲቆርጥ እንደነበር ይንገረው፤ እኛ ካልነገራችሁን በቁስሉ ብቻ አናውቅም። በዱር ወይም በማይታወቅ እንስሳ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ረዘም አድርጎ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይድረስ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

የእኚያ እናት ቁስል በሳሙናና በውሃ እንደገና ታጠበ፣ የቲታነስ ክትባት ተወጉ፣ ሐኪማችን ወደ ወረዳው ጤና ቢሮ ደውሎ ተማከረ፣ የጉበት የደም ምርመራም ታዘዘላቸው። ምርመራው ከስድስት ሳምንት በኋላ ተደገመ። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው ዓይናቸውን ያዩ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። ምራታቸው ከሥጋው አልቀመሰችም ነበር፤ በቲፓት ሐላቭ ግን እንድትናገር አድርገናል፤ ሴት ልጅ ወልዳለች።

የዚያን ዕለት ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንዱ ሥጋውን ለመንገድ ድመቶች ልስጥ ወይ የሚል ነበር፤ የኢየሩሳሌም ድመት ብዛት ስታውቁት ጥያቄው አይገርምም። አይሆንም አልኳቸው፤ ጓንት አድርገው በሁለት ላስቲክ ከረጢት ቋጥረው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዲከቱት፣ በረንዳ ላይ የተሰቀለውንም ጭምር። ሁለተኛው ስለ ቢላዋቸው ነበር። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ነውና መጣሉ ከብዷቸዋል። ቢላዋው አይጣልም፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብና ውሃ ውስጥ ይቀቀል። የፍሪዘሩ መደርደሪያና ማጠቢያው በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በበረኪና፣ እዚህ ኤኮኖሚካ በምንለው፣ ይጠረጉ። የእንጨት መክተፊያቸው ግን በቢላዋ ተሸነቋቁጦ ስንጥቁ ውስጥ የገባው አይወጣምና እርሱን እንዲጥሉት ነገርኳቸው።